ሳይቀጥፉ ማየት

ኮይከንሆፍ በኔዘርላንድ፣ በላይደንና በሃርለም ከተሞች መካከል፣ ሊሰ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ የአበባ ስፍራ ነው። ስፋቱ 32 ሄክታር ሲሆን በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ያህል የአበባ ሽንኩርት በእጅ ይተከልበታል። ከሁሉ የሚበዛው ቱሊፕ ነው፤ 800 ያህል የቱሊፕ ዓይነቶች ይታዩበታል። ቱሊፕ ከመሬት በታች እንደ ቀይ ሽንኩርት ድርብርብ የሆነ ራስ አለው፤ ግንዱም ቅጠሉም አበባውም የሚወጣው ከዚያ ነው፤ የአበባ ሽንኩርት የተባለውም ይህ ራስ ነው። ስፍራው ለሕዝብ የሚከፈተው በአውሮፓ ጸደይ፣ ከማርች መጨረሻ ገደማ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ ለስምንት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ነዋሪዎቿ 23 ሺህ ያህል የሆኑት ሊሰ በእነዚያ ሳምንታት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንግዳ ይገባባታል።

እንግዶቹ መጥተው የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ያያሉ። የሚለቀም ፍሬ የለም፤ የሚሳለሙት ቅዱስ ነገር የለም፤ ከመደቡ አንዲት አበባ ቀጥፎ መሄድም አይፈቀድም። ሰው ከሩቅ አገር ተነሥቶ፣ የመግቢያ ከፍሎ፣ የማይበላውን፣ የማይወስደውንና ከሳምንት በኋላ የሚረግፈውን ነገር አይቶ ይመለሳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፈላስፎችንም የሃይማኖት መምህራንንም ለብዙ ዘመን ሲያነጋግር የኖረ ጥያቄ አለበት፦ ሰው አንድን ነገር «የእኔ ይሁን» ሳይል ሊወደው ይችላል ወይ? ቢችልስ፣ የሚራብ ሰው ባለበት ዓለም እንዲህ ያለው ደስታ የተገባ ነው ወይ?

የስፍራው ስም ከአበባ ጋር ዝምድና የለውም። በደች ቋንቋ ኮይከን ማድ ቤት፣ ሆፍ ግቢ ነው፤ ሁለቱ ሲገጥሙ «የማድ ቤት ጓሮ» እንደ ማለት ይሆናል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መሬቱ በአቅራቢያው ላለው ለቴይሊንገን ግንብ የአደን ሥጋና የጓሮ አትክልት የሚቀርብበት ደንና አሸዋማ ጉብታ ነበር፤ በግንቡ ትኖር የነበረችው የሆላንድ ገዥ ያኮባ (1401–1436፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማድ ቤቷ የሚቀለበው ከዚህ ነበር። አሁን በአጠገቡ የቆመው ግንብ በ1641 ተሠራ። በ1857 ያን ዳቪድ ዞኸርና ልጁ ሉዊ ፖል የግንቡን ዙሪያ ዛፍ፣ ኩሬና ጠመዝማዛ መንገድ ያለበት መናፈሻ አድርገው ነደፉት፤ የአምስተርዳሙም ፎንደልፓርክ የእነርሱ ሥራ ነው። በ1949 ደግሞ ሃያ የአበባ ሽንኩርት አምራቾችና ላኪዎች በዚህ መናፈሻ የጸደይ አበባ ለማሳየት ተስማሙ። በማግስቱ ዓመት በ1950 በሩ ተከፈተ፤ በዚያው በመጀመሪያው ጸደይ 236 ሺህ ሰው ገባ።

እነዚያ ሃያ ሰዎች ነጋዴዎች ነበሩ። አበባውን ያስተከሉት ሸማች እንዲያየው ነው፤ ዛሬም ሽንኩርቱን ያለ ዋጋ የሚያቀርቡት 100 ያህል አምራቾች ናቸው፣ ስፍራው የሥራቸው ማሳያ ነውና። ይህን ሸሽጎ ስለ ንጹሕ ውበት መናገር ደግ አይደለም። ይሁን እንጂ ከአጥሩ ውጭ ያለውን የተመለከተ ሰው አንድ ትልቅ ልዩነት ያያል። በሊሰ ዙሪያ በተዘረጋው ማሳ ላይ ቱሊፑ ከፈካ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የአበባው ራስ በማሽን እየተቆረጠ ይጣላል። አበባው ቢተው ወደ ዘር ይሄዳል፣ ተክሉም ጉልበቱን ለዘር ያፈስሳል፤ ሲቆረጥ ግን ጉልበቱ ወደ ታች ተመልሶ ሽንኩርቱን ያወፍረዋል። ለገበሬው ገንዘብ የሚያመጣው ሽንኩርቱ ነው። አበባው ለእርሱ የሚያገለግለው ለምርመራ ነው፤ በቀለሙና በመልኩ የታመመውንና ከሌላ ዓይነት የተቀላቀለውን ይለይበታል፣ ከዚያ ወዲያ ትርፍ ነው። ከአጥሩ በዚህ በኩል ግን ያው አበባ እስኪረግፍ ድረስ ይተዋል። በአንዱ አፈርና በአንዱ ዝናብ የበቀለ አንድ ተክል በማሳው ውስጥ መሣሪያ፣ በመናፈሻው ውስጥ ግብ ይሆናል። ልዩነቱ ከተክሉ የመጣ አይደለም፤ ሰው ለተክሉ ከወሰነለት ቦታ የመጣ ነው።

ይህን ልዩነት አጥርቶ ያስተማረው ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት (1724–1804) ነው። ካንት በ1790 ባሳተመው፣ ሰው ስለ ውበት የሚሰጠውን ፍርድ በመረመረበት መጽሐፉ፣ የሰውን ደስታ በሦስት ይከፍለዋል። አንዱ ለስሜት የሚጥም ነገር የሚሰጠው ደስታ ነው፤ የተራበ ሰው እንጀራ ሲያይ የሚሰማው ዓይነት ነው። ሁለተኛው መልካም ወይም ጠቃሚ ነገር የሚሰጠው ነው፤ ይህም ነገሩ ለምን እንደሚበጅ ከማወቅ ይመጣል። ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል። ውብ ነገር ሲያይ ሰው ነገሩ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያወጣ፣ ለምን እንደሚረባ አይጠይቅም፤ ደስታው በማየቱ ብቻ ይሞላል። ለዚህ ካንት የሚያመጣው ምሳሌ አበባ ነው። የዕፅዋት ሊቅ አበባ የተክሉ የመራቢያ ክፍል መሆኑን ያውቃል፤ ቢሆንም አበባውን ውብ ነው ሲል ይህን ዕውቀቱን ወደ ጎን ይተወዋል። ካንት በስማቸው ከሚጠራቸው አበቦች አንዱ ቱሊፕ ነው፤ ቱሊፕን ውብ የምንለው ለአንድ ዓላማ የተበጀ መስሎ ስለሚታየን ነው፣ ዓላማው ግን ይህ ነው ተብሎ የማይጠቆም ነው ይላል።

ከዚህ ትምህርት ለሕዝብ የአበባ ስፍራ የሚጠቅም ሌላም ነገር ይከተላል። ካንት እንደሚለው «ይህ ምግብ ይጥመኛል» የሚል ሰው ስለ ራሱ ብቻ ይናገራል፤ «ይህ አበባ ውብ ነው» የሚል ግን ሌላውም ሰው እንዲስማማ ይጠብቃል። ከራሱ ጥቅም ስላልተነሣ ፍርዱን የሁሉም አድርጎ ያቀርበዋል። የሕዝብ አበባ ስፍራ ይህ አሳብ መሬት ነክቶ የቆመበት ቦታ ነው። አንድ እንጀራ ለሁለት ሲካፈሉት ግማሽ ይሆናል፤ አንድ የአበባ መደብ ግን በሺህ ሰው ቢታይ ከአንዱም ድርሻ አይጎድልም። የማያውቁት ሰው አጠገብ ቆሞ ያንኑ መደብ ማየት ደስታውን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ቋንቋ የማይግባቡ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ አበባ ጠቁመው ፈገግ ሲሉ አንዱ ለሌላው የሚለው ይህንኑ ነው። መቅጠፍ የተከለከለበትም ምክንያት ከዚህ ይታያል። የቀጠፈ ሰው የሚወስደው አንዲት አበባ ነው፤ የሚነጥቀው ግን ገና የሚመጣውን ሰው ሁሉ ነው።

የሚነጥቀው እጅ ብቻ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በሊሰ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ፎቶ ለመነሣት ማሳ ውስጥ በሚገቡ ጎብኝዎች ተቸግረው አጥር እስከ ማጠርና ማስጠንቀቂያ እስከ መስቀል ደርሰዋል። የገቡት ሰዎች አበባ አልቀጠፉም። መካከል ገብተው በአበባ የተከበበ መልካቸውን ብቻ ይዘው ወጡ፤ በእግራቸው ሥር ያለው ግን ተሰበረ። ከመደቡ ዳር ቆሞ ዐይኑን የሚያሳርፈው ጎብኝ አበባውን ሲያይ ራሱን ይረሳል፤ ማሳው መካከል የቆመው አበባውን የራሱ መልክ ማጀቢያ ያደርገዋል። በካሜራ ማየት ሁሉ መንጠቅ ነው ማለት አይደለም፤ ሆኖም ካንት የለየው ልዩነት በዘመናችን ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

በካንት ትምህርት ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ የሰው እጅ ጉዳይ ነው። ካንት ራሱ አንድ ምሳሌ አንሥቷል፦ ተፈጥሮን የሚወድ ሰው በመስክ ያየው አበባ ሰው ሠርቶ የሰካው የውሸት አበባ መሆኑን ቢደርስበት፣ መልኩ ምንም ሳይለወጥ ደስታው ይጠፋል። እንግዲህ የኮይከንሆፍ ቱሊፕ ከየትኛው ይቆጠራል? አባቶቹ በመካከለኛው እስያ፣ በቲየንሻንና በፓሚር ተራሮች የሚበቅሉ ትንንሽ የዱር አበቦች ናቸው። የዛሬው መልኩ ብዙ ትውልድ ያዳቀለው፣ የመረጠው፣ ያባዛው ነው። በመናፈሻውም ሽንኩርቱ በድርብርብ ይተከላል፤ ዘግይቶ የሚያብበው ቱሊፕ ከታች፣ ቀድሞ የሚያብበው ከበላዩ፣ ከሁሉ ቀዳሚው ክሮከስ ከላይ ይሆናል፤ አንዱ ሲረግፍ ሌላው በዚያው ቦታ እንዲተካ ነው። ከዚህ የበለጠ በሰው አሳብ የተሰናዳ ነገር አይገኝም።

የሆነ ሆኖ ቱሊፕ የውሸት አበባ አይደለም፤ ምክንያቱም ከአንድ ደረጃ በኋላ የሰው እጅ ያቆማል። ቱሊፕ ለማበብ ከአፈር በታች የሳምንታት ብርድ ይፈልጋል፤ ብርዱ ካላለፈበት በቅጡ አያብብም። አትክልተኛው ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ ጥልቀቱን ይለካል፣ ዓይነቱን ያሰልፋል፤ አበባውን መክፈት ግን አይችልም፤ ይጠብቃል። ጸደዩ ቀድሞ ቢሞቅ አበባው ይቀድማል፣ ቢዘገይ ይዘገያል፤ ቀኑ ተቆርጦ፣ ቲኬቱ ተሸጦ እንኳ መደቡ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሰው ያለውን ሁሉ ሠርቶ ሲያበቃ ከእርሱ ያልሆነ ነገር ይመጣል። የአበባ ስፍራ ከሥዕልም ከዱር አበባም የሚለየው በዚህ ነው። ሥዕል ሠዓሊው ሲጨርሰው ያልቃል፤ የዱር አበባ ማንንም አይጠይቅም፤ የአትክልተኛ አበባ ግን ድካምም ስጦታም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከታሪክ ይመጣል፦ ሰው ይህን አበባ ከማየት ይልቅ መያዝን የፈለገበት ጊዜ የለም ወይ? ቱሊፕ ከኦቶማን ግዛት ወደ አውሮፓ ከተሻገረ በኋላ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ስፍራ የተከለው የዕፅዋት ሊቁ ካሮሉስ ክሉሲየስ ነው፤ በ1593 ወደ ላይደን መጣ፣ የተከለውም በ1594 አበበ። ከእርሱ መደብ ሽንኩርት በሌቦች እየተቆፈረ ተወሰደ። ከአርባ ዓመት በኋላ ይኸው አበባ በአገሪቱ የታወቀውን የንግድ ትኩሳት አመጣ። ከሁሉ ይበልጥ ይፈለግ የነበረው በነጭ ላይ ቀይ ነበልባል የመሰለ መስመር ያለው ዓይነት ነበር፤ መስመሩን የሚያመጣው ክሽክሽ የምታስተላልፈው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው በበሽታ ላይ ነበር። ሽንኩርቱ በክረምት አፈር ውስጥ ስለሆነ ገዥና ሻጭ በመጠጥ ቤት ተቀምጠው ወረቀት ይለዋወጡ ነበር፤ ደቾቹ ራሳቸው «የነፋስ ንግድ» ብለውታል። በፌብሩዋሪ 1637 በሃርለም ገዥ ጠፋ፤ ዋጋውም ወደቀ። አገሪቱ በሙሉ ከሰረች የሚለው ተረክ የተጋነነ መሆኑን የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች አሳይተዋል። ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ በዚያ ክረምት የቱሊፕ ባለቤት የነበሩት ሰዎች አበባውን አላዩትም። አንዱ ሽንኩርት ከአፈር ሳይወጣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ የገዛውም የሸጠውም ቀለሙን የሚያውቀው በወሬ ነበር። ሳያዩ መያዝ ነው፤ የሕዝብ አበባ ስፍራ ደግሞ ሳይዙ ማየት ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ተክል ላይ፣ ሁለቱ በ300 ዓመት ልዩነት ጫፍና ጫፍ ቆሙ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ የረሃብ ጥያቄ ነው። በ1944 መጨረሻ የኔዘርላንድ ምዕራባዊ ክፍል ገና በጀርመን ጦር እጅ ነበር። የባቡር ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ጀርመኖች ወደ ከተሞቹ የሚሄደውን እህል አገዱ፤ ክረምቱም በረታ። በዚያ የረሃብ ክረምት 20 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። በጦርነቱ ምክንያት ገዥ ያጣው የቱሊፕ ሽንኩርት በመጋዘን ተከምሮ ነበርና ሰዎች በሉት። አዘገጃጀቱ ታትሞ ተሠራጨ፤ ሽንኩርቱ ይላጣል፣ መርዝ ነው የተባለው ቢጫ እምብርቱ ይወጣል፣ ከዚያ ይቀቀላል ወይም ደርቆ ይፈጫል። የማድ ቤት ጓሮ የነበረው አገር አበባውን ወደ ማድ ቤት መለሰው።

በዚህ ፊት የካንት ትምህርት ይጠብባል። ደስታው ከፍላጎት ነፃ የሆነ ተመልካች ሲል ካንት ሆዱ የሞላ ተመልካች ማለቱ ነው፤ ረሃብ ሁሉን የሚያስጥም ስለሆነ ምርጫ የሚታየው ፍላጎት ሲጠግብ ነው የሚል አሳብ ራሱም ጽፏል። የተራበ ሰው ቱሊፕን ቆሞ እንዲያይ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠይቀውም ጭካኔ ነው። ነገር ግን ዓመቶቹ ሲቆጠሩ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ኮይከንሆፍ የታሰበው በ1949 ነው፣ ከረሃቡ ክረምት አራት ዓመት በኋላ። በ1950 ጸደይ በበሩ ከገቡት ብዙዎች ያንን ሽንኩርት በልተው የተረፉ ሰዎች ነበሩ። ጣዕሙን ያውቁታል። ለእነርሱ አበባ ማየት ረሃብን ያለማወቅ ውጤት አልነበረም፤ ሊበላ እንደሚችል እያወቁት ከአፈሩ የተዉት ነገር ነበር። ካንት ከጥቅም ነፃ መሆንን የተመልካቹ ተፈጥሮአዊ አቋም አድርጎ ይገልጸዋል። የሊሰ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሰው ከድካምና ከእጦት በኋላ የሚደርስበት ነገር መሆኑን ነው፤ እጅ መሰብሰብን የሚያውቀው መዘርጋት የሚችል ሰው ነው። የሕዝብ አበባ ስፍራን ትልቅ ነገር የሚያደርገው ይህ ነው፤ ከቀለሙ ብዛትና ከቁጥሩ ይልቅ።

የሃይማኖት ትምህርትም ከብዙ ዘመን በፊት አበባንና ረሃብን አብሮ አንሥቷቸዋል። በማቴዎስ ወንጌል ስድስተኛ ምዕራፍ ክርስቶስ አድማጮቹን ወደ ሜዳ አበቦች እንዲመለከቱ ያዘዘው ምን እንበላለን፣ ምን እንለብሳለን ብለው ለሚጨነቁ ሰዎች ሲናገር ነው። አበቦቹ አይፈትሉም፣ ነገ ወደ እሳት ይጣላሉ፣ ሰሎሞን ግን በክብሩ ዘመን እንኳ እንደ እነርሱ አልለበሰም። አበባ በዚያ ስብከት የጥጋብ ጌጥ አይደለም፤ ለተጨነቀ ሰው የተሰጠ ማስረጃ ነው። በብሉይ ኪዳን ደግሞ ኢሳይያስና ኢዮብ የሰውን ሕይወት በሚጠወልግ አበባ ይመስሉታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች ሁለቱን በአንድ ሸራ ላይ አገናኙ፤ ውድ ቱሊፕ በራስ ቅልና በአሸዋ ሰዓት አጠገብ ይሣል ነበር። ተመልካቹ እንዲደሰትም፣ ደስታው እንደሚያልፍ እንዲያስብም ነው።

በዚያ ዘመን የዚያች አገር ዋናዋ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የምትከተለው የዣን ካልቪንን ትምህርት ነበር፤ ካልቪን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ደስታን ሁሉ የሚከለክል ሰው ነው። ጽሑፉ ግን ሌላ ይላል። በዋናው የትምህርት መጽሐፉ እግዚአብሔር ለሰው የሚያስፈልገውን ብቻ እንዳልሰጠ ይከራከራል፤ አበባን ለዐይን በሚያምር መልክና ለአፍንጫ በሚጥም ሽታ ካለበሰው በኋላ በዚያ መደሰት ኃጢአት ሊሆን አይችልም፤ ከፍጥረት የሚገባን ለኑሮ ግድ የሆነው ብቻ ነው የሚል ትምህርት ሰውን ከሰጪው ቸርነት ይነጥቀዋል ይላል። ወሰኑንም አብሮ ያስቀምጣል፤ ደስታው ሰጪውን የሚያስረሳ ወይም ድኻውን የሚበድል እንዳይሆን። ቱሊፕን ወደ አውሮፓ ያሻገሩት ኦቶማኖችም በሌላ መንገድ ወደዚያው ደርሰው ነበር። አበባው በቋንቋቸው ላሌ ይባላል፤ በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ፊደላቱ የፈጣሪ ስም ከሚጻፍባቸው ፊደላት ጋር አንድ ናቸው፣ የቁጥር ዋጋቸውም እኩል 66 ነው። በኢስታንቡል የሩስተም ፓሻ መስጊድ ግድግዳ በቱሊፕ ሥዕል ሸክላ የተሸፈነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላ በኩል ከ1718 እስከ 1730 ያለው ዘመናቸው የቱሊፕ ዘመን ይባላል፤ ቤተ መንግሥቱ በአበባ ግብዣ ሲደሰት ሕዝቡ ተቸግሮ በመጨረሻ ዐመፅ ተነሣ፣ ሱልጣኑም ከዙፋኑ ወረደ። አንድ አበባ በመስጊዱ ጸሎት፣ በቤተ መንግሥቱ በደል ሆነ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም አበባ የራሱ ወቅት አለው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው በዚህ ወቅት ነው። ወቅቱ የሚያስበው ድንግል ማርያም ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ጊዜ፣ ረሃቡን፣ ጥማቱንና የበረሃውን መንገድ ነው። ሜዳው በአበባ በተሞላበት ወር የስደተኛ እናት መከራ ይታሰባል። አበባው ማንም ያልተከለው ነው፣ ማንም መግቢያ አያስከፍልበትም፤ ከሊሰው ጋር የሚያገናኘው ግን አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም ዐይንን በቀን ብዛት ይወስኑታል። አርባ ቀን ወይም ስምንት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ ነገር ማንንም ከቤቱ አያስነሣም።

ከሊሰ ብዙ ሳይርቅ፣ በላይደን አጠገብ ራይንስበርግ በምትባል መንደር፣ ከ1661 እስከ 1663 ፈላስፋው ባሩክ ስፒኖዛ ይኖር ነበር። መንደሯ በአበባ ንግድ የታወቀች ናት። ስፒኖዛ ከሞተ በኋላ በ1677 በታተመው «ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ ጠቢብ ሰው በምግብ፣ በመዓዛ፣ በለመለሙ ተክሎች ውበትና በሙዚቃ ራሱን በልክ ማደስ እንደሚገባው ይናገራል፤ መስፈርቱም ሌላውን ሳይጎዳ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ነገር መሆኑ ነው። ይህ መስፈርት ከካንት ይልቅ ለኑሮ ይቀርባል። ካንት ተመልካቹ በልቡ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቃል፤ ስፒኖዛ ደስታው በማን ወጪ እንደመጣ ይጠይቃል።

በዚህ መስፈርት ሲመዘን የቆመ አበባና የተቆረጠ አበባ እኩል አይመጡም። ከሊሰ ብዙ ሳትርቅ በምትገኘው በአልስሜር የዓለም ትልቁ የአበባ ጨረታ ይካሄዳል። ወደዚያ ከሚገባው ጽጌረዳ ከፊሉ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው፤ ከአፍሪካ አበባ በመላክ ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ ትገኛለች። በዝዋይ፣ በሆለታና በሰበታ ባሉት እርሻዎች የሚሠሩት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ይቀጥፋሉ፣ በርዝመቱ ይለያሉ፣ ያስራሉ። አበባው ገና ሳይፈካ ተቆርጦ በብርድ ተይዞ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የሚፈካው በሌላ አገር ጠረጴዛ ላይ ነው። የቆረጠችው ሴት ሲፈካ አታየውም። የዝዋይ ሐይቅ ውኃም የዚያ ጽጌረዳ አካል ነው። የሥራው ደመወዝ ብዙ ቤት የሚያስተዳድር መሆኑ እውነት ነው፣ ማንም በቀላሉ ሊያጣጥለው አይገባም፤ ስፒኖዛ የጠየቀውን ጥያቄ ግን አይዘጋውም። የኮይከንሆፍም አበባ ከዚህ ነፃ አይወጣም። በአገሪቱ ብዙ ፀረ ተባይ መድኃኒት ከሚረጭባቸው እርሻዎች አንዱ የአበባ ሽንኩርት እርሻ ነው፤ የዚያ ማሳ ጎረቤቶች ስለ ጤናቸው ይከራከራሉ። ጎብኝው በመደቡ ዳር ሆኖ የሚያየው ማንንም ያልጎዳ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ሊታይ የሚገባው ከአጥሩ ውጭ ያለው ጭምር ነው።

የቀረው ጥያቄ ውበት ያለ ተመልካች አለ ወይ የሚለው ነው። ስፒኖዛ ውበት በነገሩ ውስጥ እንደማይገኝ፣ ነገሩ በተመልካቹ ሰውነት ላይ የሚያመጣው ስሜት እንደሆነ ያስባል፤ ካንትም ፍርዱ ከተመልካቹ ይነሣል በሚለው አይለየውም። የሃይማኖት መምህራን በዚህ አይስማሙም፤ ለእነርሱ ማንም ሰው ያላየው የበረሃ አበባ ተመልካች አላጣም። በ2020 ጸደይ ጥያቄው በኮይከንሆፍ በተግባር መጣ። በመኸር የተተከለው 7 ሚሊዮን ሽንኩርት በአፈር ውስጥ እያለ የኮሮና ወረርሽኝ ደረሰና በሩ ሳይከፈት ቀረ። አበባው እንደ ወትሮው አበበ። አትክልተኞቹ አረሙን ነቀሉ፣ የረገፈውን አነሡ፣ መንገዱን ጠረጉ፤ ሰው በቤቱ ሆኖ እንዲያይ ምስሉ በኢንተርኔት ተላለፈ፤ በመደቦቹ መካከል ግን የሚራመድ ጎብኝ አልነበረም። በሜይ ወቅቱ አለቀ፤ እንደየዓመቱ ሁሉ ሽንኩርቱ ተቆፍሮ ወጣ። መኸር ሲደርስ ወረርሽኙ አላለቀም ነበር፣ በሚመጣው ጸደይ በሩ ይከፈት እንደሆነም የሚያውቅ አልነበረም፤ አትክልተኞቹ ግን እንደገና ተንበርክከው ተከሉ። በ2021 ስፍራው ለጥቂት የሙከራ ቀናት ብቻ ተከፍቶ አበባው ለሁለተኛ ዓመት ያለ ጎብኝ በሚያሰኝ ሁኔታ አለፈ፤ በዚያው ዓመት መኸርም ሦስተኛው ተተከለ።